ሰምርኔስ ስትቃጠል ቡድኑ የት ገባ?

ጠፍተን ከረምን አይደል? ወደን አይደለም። ቤት ስንለቅ፣ ዕቃ ስናወጣ፣ ዕቃ ስናስገባ፣ የጠፋብንን ጀሪካን ስንፈልግ ነው የከረምነው። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ተደላድለን (ውሃው ወደ ላይ አልወጣ እያለ ቢያስቸግረንም) ይህችን ይዘን ብቅ ብለናል።

ሳንጀምር በፊት አንድ ነገር እንስማማ። እዚህ ጽሑፍ ላይ «እኛ» ስንል አንዳንዴ የሰፈሩን ልጆች በሙሉ ማለታችን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ይህችን የምትሞነጫጭረውን አንዲት ሴት ልጅ ብቻ። የቱ የቱ እንደሆነ እናንተው ለዩት። ሰፈር ያሳደገው ሰው «እኔ» ማለት ይከብደዋል፤ እኛንም ከብዶናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን የለም። መሀል ከተማ፣ ከወንዙ በላይ፣ ከጣውላ መሸጫው ጀርባ የነበረው ሰፈራችን ለልማት ተነስቷል። ግማሹ ሰው ወደ ምሥራቅ፣ ግማሹ ወደ ደቡብ፣ የቀረውም ዘመድ ወዳለበት ሄዷል። ስለ ሰፈር መፍረስ ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ብዙ ብለዋል፤ እኛ እሱን አንደግምም። ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። ስለ ኳስ ቡድናችን።

ቡድናችን ትልቅ ቡድን አልነበረም። ሜዳችንም ሜዳ ለመባል ምሕረት የሚያስፈልገው ዓይነት ነበር፤ አንደኛው ጎል ከፍ፣ ሌላኛው ዝቅ ያለ። በዚህ የተነሳ ጨዋታ ሲጀመር ዕጣ የሚወጣው ለኳሱ ሳይሆን ለቁልቁለቱ ነበር። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ቁልቁል የሚያጠቃ ቡድን ሁለት ጎል ቢመራም አይተኛም፣ ሁለት ጎል ቢመራበትም ተስፋ አይቆርጥም። እኛ ሴቶቹ ድንጋዩ ላይ ተደርድረን ጃኬት እንይዛለን፣ ነጥብ እንቆጥራለን፣ ዳኛ እንሳደባለን። እሁድ ማታ ደግሞ ማሊያዎቹ በተራ ወደየቤታችን ይመጣሉ። የሚያጥበው ማን እንደነበር አትጠይቁን፤ እናውቃለን።

ባለፈው ወር በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ መልእክት ተለጠፈ። «እሁድ ስብሰባ አለ። አጀንዳ፦ የቡድኑ ንብረት» ይላል። ንብረት! 14 ማሊያ፣ ሁለት ኳስ (አንዷ ትተነፍሳለች)፣ አንድ ፊሽካ፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ ዋንጫ፣ እንዲሁም ከክረምቱ መዋጮ የተረፈች ጥቂት ብር። ሁላችንም ገባን። ንብረት የሚቆጠረው ሰው ሲሞት ነው።

ወዲያው ሁለተኛ መልእክት መጣ፤ ላኪው አሰልጣኛችን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። «አንቺ ልጅ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ቃለ ጉባኤውን አዘጋጅተሽ ነይ።»

እንግዲህ በጋዜጠኝነት ዲግሪ ተመርቀን ያገኘነው የመጀመሪያው ትልቅ የሥራ ምደባ የገዛ ቡድናችንን መርዶ መጻፍ ሆነ። ቁጭ አልን። «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን» ተብለን አራት ዓመት ተምረናል። ማን? ቡድናችን። ምን? ፈረሰ። መቼ? እሁድ። የት? እዚህ ላይ ብዕራችን ቆመ። የት ብለን እንጻፍ? «የት» የምትባለዋ ናት እኮ የጠፋችው! የቀሩት ሁሉ አሉ። ተጫዋቾቹ አሉ፣ ጋሼ አሉ፣ ኳሷ (የምትተነፍሰዋ ጭምር) አለች። የጠፋው «የት» ብቻ ነው። «የት» ሲጠፋ «ማን»ም አብሮ ይጠፋል ወይ?

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለን የድሮ ደብተር አወጣን።

ደብተሩ ከተማሪነት ዘመናችን ነው። አንድ የኤፍኤም ጣቢያ ልምምድ ወጥተን ሳለ የስፖርት ፕሮግራሙ አዘጋጅ «ኦሎምፒያኮስ በቻምፒየንስ ሊጉ ይጫወታል፤ የክለቡን ታሪክ በሁለት ደቂቃ ሠርተሽ ነይ» አለን። ሌሊቱን ስንቆፍር አድረን ጠዋት ይዘን የቀረብነው የአዲስ አበባውን ኦሎምፒያኮስ ታሪክ ነበር! ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። አየር ላይ አልዋለችም። እኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የግሪክ ክለቦች ነገር ሆዳችን ውስጥ ገባ። ፍለጋችንም ከፒሬየሱ ኦሎምፒያኮስ አልፎ ፓኒዮኒዮስ ከሚባል፣ እዚህ አገር ሰው ስሙን እንኳ ከማይጠራው ክለብ ላይ ጣለን።

ይህንን ክለብ እናስተዋውቃችሁ። (የውጭ አገሩን ዓመት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እንነግራችኋለን።)

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበባችሁ ሰምርኔስን ታውቋታላችሁ። በራእይ ዮሐንስ ላይ መልእክት ከተላከላቸው ሰባት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ያለችባት ከተማ ናት። ዛሬ ኢዝሚር ትባላለች፣ ቱርክ ውስጥ ናት። በ1890 ግን የኦቶማን መንግሥት ትልቅ ወደብ ነበረች፤ ግሪኩ፣ ቱርኩ፣ አርመኑ፣ አይሁዱ፣ የአውሮፓ ነጋዴው አንድ ላይ የሚርመሰመሱባት። በዚያ ዓመት የከተማዋ ግሪክ ወጣቶች «ኦርፌዎስ» የሚባል የሙዚቃና የስፖርት ማኅበር አቋቋሙ። ኦርፌዎስ በተረታቸው ውስጥ አውሬ ሳይቀር በዜማው የሚያስደምም ሙዚቀኛ ነው። ከእኛ የቀበሌ ኪነትና ስፖርት ጋር ይመሳሰላል፤ ግማሹ ማንዶሊን ይመታል፣ ግማሹ ይሮጣል።

ታዲያ የማኅበር ነገር የትም አንድ ነው። ብዙም ሳይቆይ ተሰነጠቀ። በ1891 ጥቂቶቹ ወጥተው አፖሎን የሚባለውን መሠረቱ። በ1893 ደግሞ ስፖርቱን አጥብቀው የፈለጉት ወጥተው «ጂምናዚዮን» የሚባል አቋቋሙ። በ1898 ኦርፌዎስና ጂምናዚዮን ታረቁና ተዋሃዱ፤ ስማቸውንም ፓኒዮኒዮስ አሉት። «ፓን» ማለት ሁሉም ነው፤ «ኢዮኒያ» ደግሞ ሰምርኔስ ያለችበት የባሕር ዳርቻ አገር። የእኛ ሊቃውንት ግሪኮቹን «ዮናናውያን» የሚሏቸው ከዚሁ ስም የወጣ ነው። ስለዚህ ፓኒዮኒዮስ ማለት በእኛ ቋንቋ «የዮናናውያን ሁሉ» እንደማለት መሆኑ ነው።

እነዚህ ልጆች ከ1896 ጀምሮ የራሳቸውን የአትሌቲክስ ውድድርም ያዘጋጁ ነበር። 1896ን ልብ በሉልኝ! አቴና ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ የተካሄደበት፣ እኛ ደግሞ አድዋ ላይ የራሳችንን «ውድድር» የጨረስንበት ዓመት ነው። ኳስም መጣች፤ በእንግሊዝ ነጋዴዎች በኩል እንደ ብዙዎቹ የወደብ ከተሞች ሰምርኔስም ገባች። ሜዳ ነበራቸው፣ ተመልካች ነበራቸው፣ መዝሙር ነበራቸው። ባጭሩ «የት» ነበራቸው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ የኦቶማን መንግሥት ከተሸናፊዎቹ ወገን ነበር። በግንቦት 1919 የግሪክ ጦር ሰምርኔስ ላይ ወረደ፤ ከዚያም ወደ አናቶሊያ መሀል አገር ዘለቀ። ሦስት ዓመት ውጊያ ሆነ። ጦሩ በሄደበትም በተመለሰበትም መንደር ተቃጥሏል፤ የቱርክ ገበሬም አልቅሷል። በ1922 በጋ ማለቂያ ላይ የግሪክ ጦር ግንባሩ ፈረሰ። መስከረም 9 ቀን የቱርክ ጦር ሰምርኔስ ገባ። በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 13፣ እሳት ተነሳ።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው መስከረም 3 ቀን 1915 ዓ.ም. ይሆናል። እዚህ አደይ አበባ ፈንድቶ፣ ልጆች «አበባየሆሽ» ብለው በጨረሱ ማግስት፣ እዚያ የግሪኮቹና የአርመኖቹ ሰፈር ለቀናት ነደደ። ሕዝቡ በመቶ ሺዎች ሆኖ ከፊቱ ባሕር፣ ከኋላው እሳት፣ ወደቡ ላይ ታፈገ። የሞተው ሞተ፣ በመርከብ የወጣው ወጣ።

በማግሥቱ ዓመት በሎዛን የተፈረመው ስምምነት ነገሩን ዘጋው። በቱርክ ያሉ ኦርቶዶክሶች ወደ ግሪክ፣ በግሪክ ያሉ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ ይዛወሩ ተባለ፤ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ሲቀሩ። ወደ ግሪክ የገባው ስደተኛ በጠቅላላው 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ወደ ቱርክ የተሻገረውም 400 ሺህ ያህል ነው። የሚለዩት በሃይማኖት እንጂ በቋንቋ አልነበረም። ስለዚህ ከግሪክኛ በቀር የማያውቅ የቀርጤስ ሙስሊም ቱርክ ገባ፤ ከቱርክኛ በቀር የማያውቅ የቀጰዶቅያ ክርስቲያን አቴና ወረደ። ቀጰዶቅያን መቼም ታውቋታላችሁ፤ ከቅዳሴያችን አባቶች አንዱ የቅዱስ ባስልዮስ አገር ናት።

አቴናም ዘርግታ አልተቀበለቻቸውም። ድሃ አገር ናት፣ ቤት የለ፣ ሥራ የለ። «የቱርክ ዘር» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። እዚያ ግሪክ ናችሁ ተብለው ወጡ፣ እዚህ ቱርክ ናችሁ ተባሉ። (አዲሱ ኮንዶሚኒየም ስንገባ የአካባቢው ሱቅ ባለቤት «እናንተ የመሀል ከተማ ልጆች» ሲሉን የተሰማንን ስሜት ከዚህ ጋር አናወዳድረውም። ግን ትዝ አለን።)

አሁን ወደ ቡድኑ እንመለስ። ከተማዋ ነድዳለች፣ ሜዳው የሌላ አገር ሆኗል፣ አባላቱ ተበትነዋል። ቃለ ጉባኤ ጻፊ ቢኖራቸው «ፈርሷል» ብሎ የሚጽፍበት ሰዓት ነው። እነሱ ግን ምን አደረጉ? አቴና የደረሱት ጥቂቶች ተፈላልገው ተገናኙና ክለቡን ቀጠሉ። መጀመሪያ ላይ የራሳቸው ሜዳ ስላልነበራቸው በሰው ሜዳ፣ የ1896ቱ ኦሎምፒክ በተካሄደበት በእምነበረዱ ስታዲየም ሳይቀር ተጠግተው ይለማመዱ ነበር። በኋላ ከአቴና በስተደቡብ ለሰምርኔስ ስደተኞች መሬት ተሰጠና ሰፈር ተቆረቆረ። የሰፈሩን ስም ምን አሉት? «ኔያ ስሚርኒ»፣ አዲሷ ሰምርኔስ። በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ ፓኒዮኒዮስ እዚያው የራሱ ስታዲየም ኖረው።

ስደተኛው ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረገው። ከቁስጥንጥንያ የመጡት በ1924 አቴና ላይ ኤኢኬን መሠረቱ፤ «ኬ»ዋ የቁስጥንጥንያ ናት። ሰፈራቸው ኔያ ፊላደልፊያ ይባላል፤ ይህችም ከሰባቱ የራእይ ከተሞች የአንዷ፣ የፊልድልፍያ ስም ናት። በ2022 የከፈቱትን አዲስ ስታዲየም «አያ ሶፊያ» አሉት። ተሰሎንቄ ላይ ደግሞ በ1926 ፓኦክ ተመሠረተ፤ በአርማው ላይ ያለው ባለሁለት ራስ ንስር ክንፉን የሰበሰበው ለሐዘን ነው ይላሉ። አፖሎንም አቴና ገብቶ «አፖሎን የሰምርኔስ» እንደተባለ ቀጠለ። እስከ ዛሬ የግሪክ ሊግ የጨዋታ ውጤት ሲነበብ በሰው ካርታ ላይ የሌሉ ከተሞች እርስ በርስ ሲገጥሙ ትሰማላችሁ።

«እሺ፣ ዋንጫስ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነቱን እንንገራችሁ፤ ፓኒዮኒዮስ የግሪክን ሊግ አንድም ጊዜ በልቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል፤ በ1951 እና በ1971። ሁለተኛ መውጣት የሚያማት አርሰናል ብቻ አይደለችም ማለት ነው። የግሪክን ዋንጫ ግን ሁለት ጊዜ ወስዷል። የመጀመሪያው በ1979 ነው፤ በፍጻሜው ኤኢኬን 3 ለ 1 አሸነፈ። የስደተኛ ልጅ ከስደተኛ ልጅ! ያን ጊዜ የኤኢኬ ትልቁ አጥቂ ቶማስ ማቭሮስ ነበር፤ ማቭሮስ ደግሞ ፓኒዮኒዮስ ያሳደገው ልጅ ነው። በ1976 ትቷቸው ሄደ፣ በ1987 ተመልሶ መጣ፣ ጫማውንም እዚያው ሰቀለ። እስከ ዛሬ በግሪክ ሊግ ታሪክ ብዙ ጎል ያገባው እሱ ነው፤ 260።

ሁለተኛው ዋንጫ የ1998 ነው፤ ፓናቲናይኮስን 1 ለ 0። በዚህ ዋንጫ የአውሮፓ ካፕ ዊነርስ ካፕ ገቡና ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። አሰልጣኛቸው ሮኒ ዊላን ነበር፤ የሊቨርፑል ደጋፊ ታላቅ ወንድም ያላችሁ ጠይቁት፣ ያውቀዋል። ሩብ ፍጻሜው ላይ ላዚዮ ገጠማቸውና አቴና ላይ 4 ለ 0፣ ሮም ላይ 3 ለ 0 ተሸነፉ። ላዚዮ በዚያው ዓመት ዋንጫውን በላ፤ ውድድሩም ከዚያ በኋላ ቀረ። በ2004 ግሪክ ፖርቱጋልን በሜዳዋ አሸንፋ የአውሮፓ ዋንጫን ስትወስድ የግራ ተከላካዩ ታኪስ ፊሳስ ነበር፤ እሱም በፓኒዮኒዮስ ማሊያ ያደገ ነው። እኛ ያኔ ድክ ድክ እያልን ስለነበር አናስታውሰውም፤ ጋሼ ግን ውርርድ እንደተበሉበት ዛሬም ይናገራሉ።

ከዚያ ወዲህ ጥሩ ዘመን አልሆነለትም። ዕዳ በዕዳ ላይ ተቆለለ፣ በ2020 ከትልቁ ሊግ ወረደ፣ ከዚያም በታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ይዳክር ጀመር። ግን አልፈረሰም። ሰማያዊና ቀዩ ማሊያ አለ። ደጋፊዎቹ ክለባቸውን የሚጠሩት «ኢስቶሪኮስ» ብለው ነው፤ ባለታሪኩ። ዋንጫ የሌለው ሰው በምን ይኮራ? በታሪኩ ነዋ!

ደብተራችንን ዘጋን። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። «ቡድኑ ከዛሬ ጀምሮ መፍረሱን» የሚለውን ወረቀት ቀደድነውና ተኛን። ለእሁዱ ስብሰባ ንግግር አገኘን ብለን ነው።

እሁድ ተሰበሰብን። የት? ድሮ ሰፈራችን የነበረው አጠገብ ካለ አንድ ጁስ ቤት። 17 ሰው መጣ። አንዱ ከእኛ ዘንድ፣ ሌላው ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ሦስተኛው በሃይገር ተፋፍጎ። ተሳሳምን፣ ተሰዳደብን፣ የቀረውን ሰው ስም ጠራን። ከዚያ ጋሼ «ቃለ ጉባኤውን አንብቢ» አሉን። «አልጻፍነውም» አልን። ዝም ተባለ። ከዚያ ከላይ የነገርናችሁን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርናቸው። ሰምርኔስን፣ እሳቱን፣ እምነበረዱን ስታዲየም፣ አዲሷን ሰምርኔስ። ሲያልቅ ሁሉም ይነሳና ያጨበጭባል ብለን ጠብቀን ነበር። መቼም ፊልም ማየት ክፉ ነው።

ጋሼ የጁሳቸውን ብርጭቆ ወዲያ ገፋ አድርገው እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፣ ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። እነሱ አንድ ላይ ነው የሰፈሩት። አዲስ ሰምርኔስ ብለው ስም ያወጡት ጎረቤት ለጎረቤት ስለገቡ ነው። እኛ አምስት ቦታ ነው የተበተንነው። ለልምምድ ለመምጣት የታክሲውን ማን ይከፍላል?»

አፋችን ተያዘ። እውነታቸውን ነው። ዘለነው ነበር። ጋዜጠኛ የሚወደውን ታሪክ ሲያገኝ የማይመቸውን አጥንት ይዘላል፤ ይህንንም ትምህርት ቤት አስተምረውን ነበር።

ያን ጊዜ ነው ያ የተሳቀብን የአዲስ አበባው ኦሎምፒያኮስ ትዝ ያለን። እሱንም ነገርናቸው። ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1944 (በእኛ 1936 ዓ.ም. ገደማ)፣ አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ቡድኖች ለዋንጫ ተጫወቱ። የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሽን ቡድን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። የአገራችን ሻምፒዮና ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ግሪኮቹ ከዚያም በፊት እዚህ ነበሩ፤ በባቡሩ ሥራ፣ በንግዱ፣ በሱቁ። አዲስ አበባ ላይ ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን በፍሬምናጦስ፣ ማለትም በእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስም ነው የሰየሙት። ከዚያ አብዮት መጣ፣ በ1967 ዓ.ም. ድርጅቱም ትርፍ ቤቱም ተወረሰ፣ አብዛኞቹ ሄዱ። አዲስ አበባ አልተቃጠለችም፤ ሜዳውም ማንም አልነቀለውም። ሰው ስለሄደ ብቻ ያ ቡድን ከሻምፒዮናው ጠፋ።

«እና?» አሉ ጋሼ።

እናማ፣ አልን፣ የሰምርኔሶቹ ቦታቸውን አጥተው ሰው ነበራቸው፤ የአዲስ አበባዎቹ ቦታ ነበራቸው፣ ሰው አጡ። የቆየው ሰው የነበረው ነው። እኛ ቦታ የለንም። ሰዎቹ ግን ዛሬ ጁስ ቤቱን ሞልተነዋል። የታክሲውን ጉዳይ መልስ የለንም።

የዚህን ጊዜ ስልክ ተንጫረረ። ቨርጂኒያ የሚኖረው የድሮ ግብ ጠባቂያችን በድምፅ መልእክት ገባ፤ ስብሰባውን በቴሌግራም ሲከታተል ኖሯል። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ከ1984 ጀምሮ የአሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ውድድር ያዘጋጃል። ሰው በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ከቤቱ ወጥቶ ኳስ ሜዳ ለመድረስ ስድስት ሰዓት የሚነዳ አለ። እናንተ ሁለት ታክሲ አቃታችሁ? የስድስት ወሩን የታክሲ እኔ እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ አንድ ቁጥር ማሊያን ለሌላ እንዳትሰጡብኝ።»

ጋሼ ጥርሳቸውን ሳያሳዩ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ጻፊ» አሉን። ጻፍን። ቡድኑ ለስድስት ወር ይቀጥላል። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ጠዋት፣ ለሁሉም መሀል በሆነ ቦታ፣ በሰዓት በሚከራይ ሜዳ። ከስድስት ወር በኋላ ሰው ከ11 ካነሰ ንብረቱ ለአዲሱ ሰፈር ሕፃናት ይሰጣል። ማሊያ አጣቢ በተራ፣ ወንዶችንም ይጨምራል። (የመጨረሻዋን እኛ ነን ያስገባናት፤ በድምፅ ብልጫ አልፋለች።) «የት» በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደጻፍን ታውቃላችሁ? «በተገኘው ሜዳ»።

ልናሳምራት አንፈልግም። የመጀመሪያው እሁድ የመጡት ዘጠኝ ናቸው። ሁለት ልጅ ከሜዳው ባለቤት ተበደርን። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ነው፣ ጠፍጣፋ፤ ቁልቁለት የለውም። ልጆቻችን ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳስ ወደ ፊት እየመቱ ራሷ ትንከባለላለች ብለው ይጠብቃሉ፤ እሷ ቆማ ታያቸዋለች! 4 ለ 0 ተሸነፍን። ያው ፓኒዮኒዮስ በሜዳው በላዚዮ እንደተሸነፈው መሆኑ ነው ብለን ተጽናናን።

ሁለተኛው ጊዜ 12 መጡ። ሦስተኛው ጊዜ ዝናብ ነበር፣ ስምንት። አራተኛው በመጪው እሁድ ነው። ስድስት ወሩ ገና አላለቀም፤ ምን እንደሚሆን ጋሼም እኛም አናውቅም። ሰምርኔሶቹም በ1922 መጨረሻ ላይ፣ በሰው ሜዳ ጥግ ሲለማመዱ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ እንደምትጽፍላቸው አላወቁም።

አሁን እናብቃ። 14ቱ ማሊያዎች በዚህ ሳምንት እኛ ቤት ናቸው። የቧንቧ ውሃ መጣች መሰለን፤ ሳትሄድ እንጠባቸው። አንድ ቁጥሩን ለብቻ፣ በእጅ።

ቸር ይግጠመን!